ኮሮላዬን ልሽጥ ነው፤ ዲዛየር ይሻለኛል ወይስ ኤሌክትሪክ?

የደረሰኝ ጥያቄ ይህ ነው፦

«ጤና ይስጥልኝ። የ2002 ሞዴል ኮሮላ አለኝ፣ 1.6 ሞተር። 11 ዓመት ነድቼዋለሁ። ከቶዮታ ውጪ ገዝቼ አላውቅም። አሁን ግን ዘይት ይበላል። በየ1,000 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሊትር ገደማ እጨምራለሁ። መካኒኬ ‹ሞተሩ ይውረድ› አለኝ። የሥራ ባልደረቦቼ ግማሹ ያገለገለ ሱዙኪ ዲዛየር ግዛ ይሉኛል፣ ግማሹ የቻይና ኤሌክትሪክ። ዋጋቸው ብዙ አይራራቅም። ከአያት ሜክሲኮ እመላለሳለሁ። ልጆቼን ለማውጣት ቀን ላይ ስለምመለስ በቀን 60 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ተከራይ ነኝ። መኪናዬ ግቢ ውስጥ ያድራል፤ ቆጣሪው ግን ከአከራዬ ጋር የጋራ ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ ደሴ፣ ቤተሰብ ጋ እንሄዳለን። የምገዛውን ቢያንስ 8 ዓመት መያዝ እፈልጋለሁ። ሳያስቸግረኝ የሚቆየው የትኛው ነው?»

ወንድሜ፣ ጥያቄዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የቀን ኪሎ ሜትሩን፣ ግቢውን፣ ቆጣሪውን፣ ደሴን ሁሉ ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ። አብዛኛው ሰው «የቱ ብራንድ ይሻላል?» ብሎ ብቻ ነው የሚጠይቀኝ። በዚያ ብቻ መልስ መስጠት አልችልም። የእርስዎን ግን እችላለሁ። ጋራዥ ከገባሁ 22 ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ የማውቀውን ልንገርዎት።

መጀመሪያ ከኮሮላው እንነሳ። ዘይት መብላቱ የእርስዎ ጥፋት ላይሆን ይችላል። በዚያ ዘመን የኮሮላ 1.6 ሞተር 3ዜድዜድ የሚባለው ነው። ወንድሞቹ 1.4ቱ 4ዜድዜድ እና 1.8ቱ 1ዜድዜድ ናቸው። የዚህ ቤተሰብ የመጀመሪያ ዓመታት ምርቶች በዘይት መብላት የታወቁ ናቸው። ምክንያቱ ፒስተኑ ላይ ነው። ፒስተኑን የሚከበው ቀለበት፣ ማለትም የዘይት ፋሻው፣ ከሲሊንደሩ ግድግዳ የጠረገውን ዘይት ወደ ታች የሚመልሱት ቀዳዳዎች ትንሽ ናቸው። በጊዜ ብዛት በጥላሸት ይደፈናሉ። ፋሻውም ይጣበቃል። ከዚያ ዘይቱ ወደ ላይ ያመልጥና ከቤንዚኑ ጋር ይቃጠላል። ቶዮታ ራሱ በኋላ ፒስተኑን አሻሽሎ አውጥቶታል።

ይህን የምነግርዎት ቶዮታን ለማጥላላት አይደለም። እኔም ለቶዮታ ትልቅ አክብሮት አለኝ። ግን «ቶዮታ ነው፣ ችግር የለውም» ብለው የገዙት መኪና ውስጥ የታወቀ ድክመት ያለበት ሞተር ነበር። ያው ቶዮታ በቪትዝና በያሪስ ላይ ያስቀመጠው የኤንዜድ ሞተር ደግሞ በጣም ጠንካራ ነው። አንድ ፋብሪካ፣ ሁለት የተለያየ ዕድል። ሃዩንዳይም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ በርካታ ሶናታዎች በሞተር ብሮንዚን (የሚሽከረከረውን ዘንግ የሚሸከመው ብረት) ችግር ለጥገና ተጠርተዋል። ሞተሩ ቴታ 2 የሚባለው ነው። አክሰንት ላይ ያለው ትንሹ ሞተር ግን ሌላ ዓይነት ነው። ያንን ዜና ሰምቶ ጥሩ አክሰንት በርካሽ የሸጠ ሰው አውቃለሁ። ስለዚህ አሁን የሚያስቡት «ከቶዮታ ወደ ሌላ ብራንድ ልሂድ ወይ» የሚለው ነገር ብዙ አያስፍራዎት። የትኛው ሞተር፣ የትኛው ካምቢዮ፣ የትኛው ባትሪ ብለው ይጠይቁ።

አንድ ነገር አደራ። «ሞተሩ ይውረድ» ከመባሉ በፊት ሞተሩ መለካት አለበት። የእያንዳንዱ ሲሊንደር ግፊት ይለካ። ከቴስታታው ክዳን የሚወጣውን ጭስ ወደ ሞተሩ የሚመልሰው ትንሽ ቫልቭ ይታይ፤ እሱ ሲደፈን ዘይት ያስበላል፣ ዋጋውም ቀላል ነው። ከሥር የሚያንጠባጥብ ዘይት ካለ ይፈተሽ። ይህ ሁሉ ታይቶ ጥፋቱ ፋሻ ላይ ከሆነ ደግሞ ፋሻ ብቻ ቀይሮ የድሮውን ፒስተን መልሶ መግጠም ብርዎን ማባከን ነው። ቀዳዳው ያው ስለሆነ ከዓመት ሁለት ዓመት በኋላ እዚያው ይመለሳሉ። የተሻሻለው ፒስተን ካልተገኘ ሞተሩን ባያስወርዱት ይሻላል። እስኪወስኑ ድረስ ዘይቱን በየሳምንቱ ይለኩ፤ ከታችኛው ምልክት አያሳልፉት። ዘይት ጎድሎበት የሄደ ሞተር ሰንሰለቱንና ብሮንዚኑን ይጨርሳል፣ ያኔ የሚሸጡትም መኪና አይኖርዎትም።

አሁን ወደ ወጪው እንምጣ። ሰው የመኪና ወጪ ሲያስብ መጀመሪያ የሚመጣለት ጥገና ነው። እኔ ከሒሳቡ የምጀምረው በነዳጅ ነው፤ ምክንያቱም የእርስዎን ያህል ለሚነዳ ሰው ከጥገና በላይ የሚበላው እሱ ነው።

በቀን 60 ኪሎ ሜትር፣ በዓመት 300 ቀን ቢነዱ 18,000 ኪሎ ሜትር ነው። ኮሮላዎ በአዲስ አበባ መጨናነቅ በሊትር 10 ኪሎ ሜትር ቢሄድ 1,800 ሊትር ይፈልጋል። ዲዛየሩ በሊትር 15 ቢሄድ 1,200 ሊትር ይበቃዋል። ቤንዚን በ2017 ዓ.ም. በሊትር 100 ብርን አልፏል፤ ለሒሳባችን 120 ብር ብለን እንያዘው። ኮሮላው በዓመት 216,000 ብር፣ ዲዛየሩ 144,000 ብር ማለት ነው።

ኤሌክትሪኩስ? ትንሽ የቤት መኪና በ100 ኪሎ ሜትር 15 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ቢወስድ፣ በዓመት 2,700 ነው። ሲሞላ የሚባክነውን ጨምረን 3,100 እንበለው። አንዱን ኪሎዋት ሰዓት 10 ብር አድርጌ ላስብልዎት፤ ሆን ብዬ አስወድጄው ነው፣ በኋላ ታሪፉ ቢጨምርም ሒሳቡ እንዳይፈርስብን። 31,000 ብር ይመጣል። ከዲዛየሩ ጋር ሲተያይ በዓመት 113,000 ብር ልዩነት አለው። በ8 ዓመት 900,000 ብር ይደርሳል፤ የነዳጅ ዋጋ ባለበት ቢቆም እንኳ። እነዚህን ቁጥሮች በራስዎ ደረሰኝ ይተኳቸው። የልዩነቱ መጠን ይቀየር ይሆናል እንጂ ማን እንደሚበልጥ አይቀየርም።

ታዲያ ኤሌክትሪክ ይግዙ ብዬ እዚህ ላይ ለምን አልጨርስም? የቆመ መኪናም ወጪ ስላለው ነው። ይህን ሰው አይቆጥረውም። ኮሮላዎ የፍሬን ሸራ ሲያልቅበት፣ ቴስቲናው ሲላላ፣ ዲናሞው ሲቃጠል መካኒክዎ ጠዋት ለዕቃ ሶማሌ ተራ ልጅ ይልካል፤ ከሰዓት መኪናዎ ይወጣል። ኦርጅናሉም፣ ኮፒውም፣ ያገለገለውም አለ። ይህ የቶዮታ ትልቁ ሀብት ነው። የቶዮታ መኪና ዋጋው የማይወርደው ሞተሩ ስለማይሞት ብቻ አይደለም፤ ዕቃው በየሱቁ ስላለና እጁ የተፈታ መካኒክ በየሰፈሩ ስላለ ነው። ብራንድ ሲቀይሩ የሚለቁት ይህንን ነው።

አንድ ደንበኛ ነበረኝ። እዚህ አገር ከጥቂት ፍሬ በላይ ያልገባ ሞዴል ገዛ። መኪናው ያምር ነበር፣ ሞተሩም ሰላም ነው። አንድ ቀን ሚኒባስ ከኋላ ገጨው። ጉዳቱ የኋላ መብራትና ላሜራ ብቻ ነው። ላሜራውን በሦስት ቀን አስተካከልንለት። መብራቱ ግን አገር ውስጥ የለም። በሰው በሰው ከውጭ እስኪመጣ ከሁለት ወር በላይ ቆመ። ሰውየው ያን ሁሉ ጊዜ በታክሲ ሲመላለስ ያወጣውን ሲደምር ራሱን ያዘ። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ከውጭ በግል የሚመጣ እያንዳንዱ ዕቃ ምን ያህል እንደሚከብድ እርስዎም ያውቁታል።

አምራቹ ራሱም ሊወድቅ ይችላል። ሊፋን ዱከም ላይ ሲገጣጠም ታስታውሳላችሁ። ቻይና ያለው እናት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ዕዳው በዝቶበት በፍርድ ቤት መልሶ ማደራጀት ውስጥ ገባ። አሁን ቻይና ውስጥ የኤሌክትሪክ መኪና የሚሠሩት ድርጅቶች ቁጥር በጣም ብዙ ነው። ሁሉም ከ8 ዓመት በኋላ ይኖራሉ ብሎ ማሰብ ይከብደኛል። ስለዚህ ስሙን ሰምተውት የማያውቁት ኤሌክትሪክ በጣም ረክሶ ሲመጣልዎት፣ ርካሽነቱ የእስፔሩን ችግር እንደማይከፍልልዎት ይወቁ።

ዲዛየርን እንየው። ባለ 1.2 ሊትር፣ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ነው። ቀበቶ የለውም፤ በሰንሰለት ነው የሚሠራው። ቱርቦ የለውም። ክብደቱ 900 ኪሎ ገደማ ነው። ቀላል መኪና ጎማውንም፣ ፍሬኑንም፣ ሞላውንም ቶሎ አይጨርስም። የራይድ ሹፌሮች ብዙ ስለያዙት ዕቃውም መካኒኩም አለ። ጋራዤ የሚመጡት ዲዛየሮች አብዛኞቹ ለዘይት፣ ለሸራና ለእግር ዕቃ ነው የሚመጡት።

ሁለት ጥንቃቄ ግን አለው። አንደኛው ካምቢዮው ነው። «አውቶማቲክ ነው» ተብሎ ከሚሸጠው ዲዛየር ውስጥ ብዙው ኤጂኤስ የሚባለው ነው። እሱ በእውነት ማንዋል ካምቢዮ ነው። ፍሪሲዮኑን የሚረግጥልዎት ማሽን ተገጥሞበታል እንጂ ፍሪሲዮኑ እዚያው አለ። ዳገት ላይ ፍሬን ሳይዙ በነዳጅ ብቻ አቁመው ከጠበቁ ይቃጠላል። የአዲስ አበባን ዳገትና መጨናነቅ ያውቁታል። ስለዚህ ዲዛየር ከሆነ ማንዋሉን ይግዙ። ሁለተኛው ታሪኩ ነው። መንግሥት ጥር 2016 ላይ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ የሚሸጠው ዲዛየር በአብዛኛው እዚሁ የተነዳ ነው። ብዙው ቀኑን ሙሉ ሲሮጥ የኖረ ነው። የኪሎ ሜትር ሰዓቱን ቁጥር አይመኑት። የሹፌር ወንበሩን ጠርዝ፣ የፔዳሎቹን ላስቲክ፣ የመሪውን ቆዳ ይዩ። 60,000 ይላል፣ ፔዳሉ ግን ላስቲኩ አልቆ ብረቱ ታይቷል፤ እንዲህ ያለውን ትተው ይሂዱ።

የከተማችን ከፍታም አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ ነው የተቀመጠችው። አየሩ ቀጭን ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከጉልበቱ 20 በመቶና ከዚያ በላይ ያጣል። ትንሽ ሞተር ያለው መኪና አምስት ሰው ጭኖ ዳገት ላይ የሚያቃስተው ለዚህ ነው። ኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር አይፈልግም። እዚህም ጅቡቲም ጉልበቱ አንድ ነው።

ኤሌክትሪኩን በተመለከተ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ «ባትሪው ሲሞትስ?» ብሎ ነው። ስጋቱ ይገባኛል፤ ባትሪው የመኪናው ውዱ ዕቃ ነው። በእርስዎ አነዳድ እናስላው። 8 ዓመት በ18,000 ሲባዛ 144,000 ኪሎ ሜትር ነው። መኪናው በአንድ ሙሉ ሙሊት 300 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፣ በ8 ዓመት ውስጥ 480 ጊዜ ሙሉ ለሙሉ ሞልተው ጨረሱት ማለት ነው። ኤልኤፍፒ የሚባለው የባትሪ ዓይነት በተለምዶ ከ2,000 ጊዜ በላይ ይችላል። ቢዋይዲ እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው ብሌድ ባትሪም ከዚሁ ዓይነት ነው። እንግዲህ በመነዳት ብዛት ይሞታል የሚለው ስጋት ለእርስዎ አይሠራም። የባትሪ ዋና ጠላት ሙቀት ነው፤ የአዲስ አበባ አየር ደግሞ ለባትሪ ከሚመቹት ነው። ብርዱም ሙቀቱም አይበረታም። ሞቃት በረሃ አገር ዓመታት የቆየ ያገለገለ ኤሌክትሪክ ግን ሌላ ነገር ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ባትሪውን የሚገድለው ሌላው ነገር፣ ምት ነው። ባትሪው ወለሉ ሥር ተዘርግቷል። የተቆፈረ ኮብልስቶን፣ ከልክ በላይ ከፍ ያለ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ፣ መንገድ ዳር ያለ ድንጋይ፣ ሁሉም እሱን ነው የሚያገኙት። ያገለገለ ሲገዙ መኪናውን በክሪክ አንሥተው የባትሪውን ሳጥን ከሥር በባትሪ መብራት ይዩት። የተጨረመተ ወይም የተበየደ ካለ አይግዙ። ከዚያ ኮምፒውተር አስገጥመው የባትሪውን የጤንነት መቶኛ ያንብቡ። ሻጩ «አያስፈልግም፣ አዲስ ነው» ካለዎት ያኔ የግድ ያስነብቡ።

ጥገናው በእውነት ይቀንሳል። የሞተር ዘይት የለም፣ ካንዴላ የለም፣ ፍሪሲዮን የለም። መኪናው ፍጥነት ሲቀንስ በሞተሩ ስለሚይዝ የፍሬን ሸራ ብዙ ዓመት ይቆያል። ነገር ግን «ጥገና የለውም» የሚሉትን አይስሙ። የማርሽ ሳጥኑ ዘይት አለው፣ የባትሪው ማቀዝቀዣ ፈሳሽ አለው፣ የፍሬን ዘይት አለ። ከክብደቱ የተነሣ ጎማና የእግር ዕቃ ቶሎ ያልቃል። ደግሞ እንደማንኛውም መኪና ባለ 12 ቮልት ትንሽ ባትሪ አለው። ባለፈው ዓመት አንዲት እናት መኪናዋ አልነሣ ብሎ አንድ ቦታ አስጎትታ ወሰደችው። «ትልቁ ባትሪ ሞቷል» ብለው የሚያስደነግጥ ዋጋ ነገሯት። እያለቀሰች ወደ እኔ ደወለች። ሄጄ ሳየው የሞተው ትንሹ ባትሪ ነበር። እሱን ቀየርንላት፣ ነድታ ገባች። የኤሌክትሪክ መኪና ዋና ችግር እዚህ ላይ ነው። የሚያውቀው ሰው ገና ጥቂት ነው። ከፍተኛ ኃይል የሚያልፍበትን ብርቱካናማ ገመድ ያለ ሥልጠና የሚነካ መካኒክ ደግሞ ለራሱም ለእርስዎም አደጋ ነው። ከመግዛትዎ በፊት ሠልጥነው የሚሠሩ ሁለት ጋራዦች ያግኙ። አንድ ብቻ ካገኙ በዋጋ እጅዎን ይዞ ይጨምቅዎታል።

ሌላው ነገር አስመጪው ነው። እዚህ ከሚሄዱት ኤሌክትሪኮች ውስጥ ብዙዎቹ ለቻይና ገበያ የተሠሩ ናቸው፤ በግለሰብ ነጋዴ የመጡ ናቸው። ቮልስዋገን አይዲ 6ን ይውሰዱ። ስሙ የጀርመን ነው፤ መኪናው ግን ለቻይና ገበያ ብቻ የተሠራ ነው። የስሙን ትልቅነት አይቶ የፋብሪካ ዋስትና አለኝ ብሎ የሚያስብ ሰው ይሳሳታል። የቻይናዎቹ መሙያ ሶኬት ጂቢቲ የሚባለው ነው፣ የአውሮፓው ደግሞ ሲሲኤስ ቱ ነው። አይገናኙም። አስማሚ ያስፈልጋል። የማያ ገጹ ቋንቋም ብዙ ጊዜ ቻይንኛ ነው። ስለዚህ ከሁለት እኩል መኪና ዋስትናውን በጽሑፍ የሚሰጥ፣ የራሱ ጋራዥና የእስፔር መጋዘን ያለው ሻጭ የያዘውን ይምረጡ፤ ትንሽ ቢወደድም። «ዋስትና አለው» የሚል ቃል በቂ አይደለም። የሰጪው ማኅተም፣ የዓመቱ ብዛትና የኪሎ ሜትሩ ገደብ የተጻፈበት ወረቀት ይጠይቁ። ባትሪው ከስንት በመቶ በታች ሲወርድ እንደሚቀየርም ይጻፍ።

አሁን ወደ ቆጣሪው። የእርስዎ ጉዳይ የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው።

በቀን 60 ኪሎ ሜትር ለመሙላት 10 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ያስፈልግዎታል። ተራው ሶኬት በ10 አምፔር ሲሞላ 2.2 ኪሎዋት ይሰጣል። አምስት ሰዓት ይበቃል። ማታ ሰክተው ጠዋት ይነቅላሉ። ማለትም ትልቁ የግድግዳ መሙያ ለእርስዎ የግድ አይደለም። ግን አሮጌ የቤት መስመር አምስት ሰዓት ሙሉ 10 አምፔር ተሸክሞ አያውቅም። ሶኬቱ ይግላል፣ ይቀልጣልም። ስለዚህ ከቆጣሪው በቀጥታ የራሱ መስመር ይሳብ። ሽቦው 6 ካሬ ሚሊ ሜትር ቢሆን ወደፊት ትልቁን መሙያ ቢያስገቡም ይችላል። የራሱ ማቋረጫ ይኑረው። ከሁሉም በላይ የመሬት መስመር (ኧርዝ) ይግባለት። ብዙ ቤቶቻችን የመሬት መስመር የላቸውም። ጥሩ መሙያ ይህንን ይፈትሻል፤ ከሌለ አይሞላም። ሰዎች መኪናው ተበላሸ ብለው የሚደውሉልኝ አንዳንዴ በዚህ ነው።

ከአከራይዎ ጋር በግልጽ ተነጋገሩ። ለመኪናው መስመር ብቻ አንድ ትንሽ ንዑስ ቆጣሪ ያስገቡ፤ በየወሩ የቆጠረውን እርስዎ ይክፈሉ። ከዚህ ውጪ ከሆነ በየወሩ ጭቅጭቅ ነው፤ የጋራ ቆጣሪ ላይ ብዙ ሲቆጥር ታሪፉም ወደ ላይኛው እርከን ይገባል፣ ያ ደግሞ አከራይዎንም ይነካል። ልዩነቱን እርስዎ እንደሚሸፍኑ ቀድመው ይንገሯቸው። መስመሩን የሚስበው እርስዎ ከሆኑ ቤቱን ሲለቁ ምን እንደሚሆንም ተስማሙ። መብራት ስለሚጠፋ ደግሞ መኪናውን መቼም ከ40 በመቶ በታች አያሳድሩት፤ ያ ለአንድ ቀን ሥራዎ ከበቂ በላይ ነው። ኤልኤፍፒ ከሆነ በሳምንት አንድ ጊዜ እስከ 100 ይሙሉት፣ የቀረውን ቁጥር በትክክል እንዲያነብ ያግዘዋል። ሌላ ዓይነት ባትሪ ከሆነ ግን በየቀኑ 80 ላይ ቢያቆሙት ይሻላል።

ደሴን አልረሳሁም። መንገዱ 400 ኪሎ ሜትር ነው። በአንድ ሙሊት የሚደርስ ትንሽ ኤሌክትሪክ አላውቅም። ጣርማ በር ድረስ ያለው ዳገት ባትሪውን ይጠጣዋል፤ ወደ ደብረ ሲና ሲወርዱ የተወሰነውን ይመልሳል፣ ሁሉንም ግን አይመልስም። መንገድ ላይ መሙያ አገኛለሁ ብሎ ልጆች ይዞ መውጣትን አልመክርም። ግን ይህን ያስቡት፦ ሁለት ጊዜ ደርሶ መልስ 1,600 ኪሎ ሜትር ነው፤ እርስዎ በዓመት ከሚነዱት አንድ አሥረኛው አይሞላም። ለእሱ ሲባል 18,000ውን በቤንዚን መንዳት አያዋጣም። በዓመት ከሚተርፍዎት 113,000 ብር ውስጥ ለአውቶቡስ፣ ለኮምቦልቻ በረራ ወይም ለሁለት ሳምንት ኪራይ የሚሆን አለ። ወንድም ወይም የቅርብ ጓደኛ ካለዎት ለዚያ ሳምንት መኪና ተለዋወጡ። ብዙ ደንበኞቼ እንዲህ ያደርጋሉ፣ ሁለቱም ወገን ደስ ብሎት ነው የሚመልሰው።

በአንድ ጉዳይ ዲዛየሩ እንደሚበልጥ ልናገር። ስምንት ዓመት ሳይሞላ መሸጥ ቢያስፈልግዎት፣ ሕመም ይሁን የሥራ ለውጥ ይሁን፣ ዲዛየሩን በሳምንት ይሸጡታል። የኤሌክትሪክ ሞዴል በየዓመቱ ይቀየራል፤ አዲሱ ሲመጣ አሮጌው ዋጋው ይወርዳል። ለዚህ ነው የኤሌክትሪኩ ትርፍ በሁለት ዓመት ለሚሸጥ ሰው ሳይሆን ረጅም ጊዜ ለሚይዝ ሰው ብቻ የሚታየኝ። እርስዎ ግን 8 ዓመት ብለውኛል።

ስለዚህ ምክሬ ይኸው። አከራይዎ ለመስመሩና ለንዑስ ቆጣሪው እሺ ካሉ ኤሌክትሪኩን ይግዙ። የኤልኤፍፒ ባትሪ ያለው፣ ከተማው ውስጥ በብዛት የሚታይ ሞዴል፣ የጽሑፍ ዋስትና ያለው ይሁን። አዲስ ቢሆን እመርጣለሁ። እሺ ካላሉ፣ ወይም ቤት በየዓመቱ የሚቀይሩ ከሆነ፣ ማንዋል ዲዛየር ይግዙና እርፍ ይበሉ። ሕዝብ መሙያ ጋ በየሁለት ቀኑ ወረፋ እየጠበቁ ለመኖር ብለው ኤሌክትሪክ አይግዙ፤ ከልጆችዎ ጋር የሚያሳልፉት ሰዓት ነው የሚበላው። ኮሮላውን አስጠግኖ መያዝ የምመክረው በአንድ ሁኔታ ብቻ ነው፤ የአከራይዎ መልስ ዘግይቶ፣ የተሻሻለው ፒስተን ተገኝቶ፣ ቦዲውም ዝገት የሌለው ከሆነ።

ቅዳሜ ጠዋት ከአከራይዎ ጋር ከመነጋገርዎ በፊት የቆጣሪውን ፎቶ ያንሱ። ላዩ ላይ የተጻፈው የአምፔር መጠንና ሲንግል ፌዝ ወይም ስሪ ፌዝ መሆኑ ይታይ። ከቆጣሪው እስከ መኪናው ማቆሚያ ስንት ሜትር እንደሆነ ይለኩ። ኤሌክትሪሻኑ ዋጋ የሚነግርዎት በእነዚህ ነው፤ አከራይዎም ቁርጥ ያለ ነገር ይዘው ሲመጡ እሺ ለማለት ይቀላቸዋል። ኮሮላውን ሲሸጡ ደግሞ ዘይት እንደሚበላ ለገዢው ይንገሩት። ከዋጋው ቀንሱለትና ይህን የፒስተን ጉዳይ አስረዱት። ሞተሩን ማስወረዱ የማይቀር ከሆነ እሱም አሮጌውን ፒስተን መልሶ እንዳይገጥም።